ጋቢ ውስጥ የተቀዳ ትምህርት

የጦሳ ተራራ ዛሬም አልታየም። ጉሙ ደሴን አፍኗት ዋለ፤ እንዲህ ያለ ቀን ሰውን ያለ ምክንያት ይከፋዋል። ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ተማሪዎቼ ቤት የሚሰሙትን የፊዚክስ ገለጻ ልቅዳ ብዬ ብነሣ ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ጀመረ። ካፊያ በስልክ ሲቀዳ ቆሎ የሚቆላ ይመስላል። መድኃኒቱ ጋቢ ነው፦ ተከናንቦ፣ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቆ።

ስድስት ደቂቃ ቪዲዮ በሴኮንድ 200 ኪሎቢት ቢጨመቅ 9 ሜጋባይት ይሆናል፤ ድምፅ ብቻውን በ32 ኪሎቢት 1.5 ሜጋባይት አይሞላም። ስለዚህ የሰሌዳ ፎቶና ድምፅ በቴሌግራም። ዳታ የሌለው ከጓደኛው በብሉቱዝ ይወስዳል።

ቪዲዮው ግን ትንሹ ነገር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ በርግማንና ሳምስ የሚባሉ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን መቅዳት የጀመሩት ከክፍል ለቀሩ ተማሪዎች ነበር። (እኛም ጋ ሰኞ ገበያ የሚያስቀረው አይጠፋም።) ጥያቄው ኋላ ነው የመጣው፦ ገለጻው ቤት ከተሰማ ክፍለ ጊዜው ለምን ይሁን?

እስቲ ይሰላ። ክፍሉ 66 ተማሪ ይሁን። የፊተኛው ዴስክ ወደ ኋላ ሲዞር ሦስትና ሦስት ስድስት፣ በጠቅላላው 11 ቡድን። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢደርሰው 33። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የተረፈውን 7 ደቂቃ ስም ጥሪና ሰሌዳ ማጥፋት ይበሉታል፤ ለመተንፈሻ እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ ሁሉ ጋ መድረስ አይሞከርም። ከቅጂው ጋር ሦስት ጥያቄ ይላካል፤ ክዊዙ ግሩፕ ላይ፣ ስም የሚያሳይ ሆኖ፣ አለዚያ ማን እንደሳተ አይታወቅም። ዳታ የሌለው ደብተሩ ላይ ሠርቶ በር ላይ ያሳያል። ፍሪክሽን (ሰበቃ) ላይ የሚሳተው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ሐረጎ ዳገት ላይ የቆመ ሲኖትራክ ኖርማል ፎርሱ (መንገዱ በቀጤ ነክ የሚገፋበት ኃይል) ከሙሉ ክብደቱ እኩል ይመስላቸዋል። እነዚያ ጋ መቆም ነው፤ ሌላው ጥያቄውን ይሥራ።

ነገሩን የሚገድለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ላልሰማችሁት ባጭሩ ልድገምላችሁ።» የሰማው ልጅ በከንቱ እንደደከመ ያኔውኑ ይገባዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሱም አይሰማም። ያልሰማው ጥግ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። ጨካኝ ይመስላል፣ ይሁን።

ከስድስት ደቂቃ አይለፍ ስል ከርሜ የዛሬውን አየሁት፦ 11 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ሁለቱ ደቂቃ ሰላምታ ነው። ወሎዬ እንዴት ብሎ ይቆርጠዋል?