ደሴ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ኬሚስትሪ ማስተማር በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን በስድስት ቡድን ከፍዬ ውሃ እንዲያፈሉና የቴርሞሜትሩን ንባብ በየደቂቃው እንዲመዘግቡ አዝዤ ነበር። ቴርሞሜትር የነበረን ሁለት ብቻ ስለሆነ ተራ እየጠበቁ ነው የሠሩት፤ ማሞቂያውም ከጥበቃው ቤት የተዋስነው ቡታጋዝ ነበር። ማታ ደብተሮቹን ሳርም አምስቱ ቡድኖች ውሃው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደፈላ ጽፈው አገኘሁ። የስድስተኛው ቡድን ጸሐፊ ግን «92 ላይ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልጨመረም» ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝኩት፣ ከጎኑ «100» ብዬ ጻፍኩበት፣ ከአምስት ሁለት ሰጠኋት።

በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት፤ ካላመኑኝ አሁን እናፍላው» አለችኝ። አፈላነው። ውሃው ከታች እስከ ላይ እየተገላበጠ ሲንተከተክ ቀዩ የአልኮል መስመር 92 ላይ ደርሶ ተተከለ፤ እሳቱን ብንጨምርም ውሃው ቶሎ ቶሎ ተነነ እንጂ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። የአየር ግፊት ሲቀንስ ውሃ ከ100 በታች እንደሚፈላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ለፈተናም አስልቼዋለሁ። ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጬ በየቀኑ ሻይ እያፈላሁ ግን ነገሩ እኔንም እንደሚመለከት አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። አምስቱ ቡድኖች ያላዩትን ጽፈው ሙሉ ነጥብ ወሰዱ፤ ያየችው ተቀጣች፤ ቀጪው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ የኬሚስትሪን መግቢያ የማስተምረው በዚህች አንዲት ቁጥር ነው። መጽሐፉ ሳይንሳዊ ዘዴን በደረጃ ከፋፍሎ ምልከታ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ እያለ ይዘረዝራል፤ ተማሪውም እንደ ሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ይሸመድደዋል። ለኔ ከሁሉም ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ምልከታ ማለት ማየት ብቻ ሳይሆን ያዩትን ሳያቃኑ መጻፍ ነው። ዓይን ከመስመሩ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ከላይ ወይም ከታች ሆኖ ያነበበ ሰው ሌላ ቁጥር ያያል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ቂጥ መንካት የለበትም፤ ብረቱ ከውሃው የበለጠ ሊሞቅ ይችላልና። ንባቡ ወዲያውኑ በእስክርቢቶ ይጻፋል፤ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ የመጀመሪያው እንዲነበብ አድርጎ በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። ዲግሪ በዲግሪ በተከፋፈለ ቴርሞሜትር 92 ስንልም ከ91.5 እስከ 92.5 መካከል ማለታችን ነው።

ምልከታው ከተያዘ በኋላ ጥያቄው «ለምን 100 አልሆነም?» የሚል ነው። ተማሪዎች ሦስት መላምት ያቀርባሉ፤ በየዓመቱ ያው ሦስቱ ናቸው፦ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፣ ውሃው ንጹሕ አይደለም፣ ወይም የቦታው ከፍታ ነው። መላምት የሚባለው ስሕተት ሆኖ ሊገኝ የሚችል ሐሳብ ነውና ለእያንዳንዱ «ይህ እውነት ከሆነ ምን ማየት አለብን?» ብለን እንጠይቃለን።

ቴርሞሜትሩን ለመፈተን ከጭማቂ ቤት በረዶ ለምነን አመጣን። በረዶና ውሃ አብረው ባሉበት ዕቃ ውስጥ ትክክለኛ ቴርሞሜትር 0 ማሳየት አለበት፤ የኛ አንደኛው 0፣ ሌላኛው ግማሽ ዲግሪ ከፍ ብሎ አሳየ። አንዱ ተማሪ «እንግዲህ ደኅና ነው» ብሎ ሊያልፈው ሲል ያቺው ልጅ «0 ላይ ልክ የሆነ 100 ላይም ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛውን የመለኪያ ጫፍ ለመፈተን የሚያስፈልገው በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ነው፤ ደሴ ላይ የጠፋው ደግሞ እሱ ነው።

የውሃውን ንጽሕና በተመለከተ ኬሚስትሪው ራሱ ያግዘናል። ጨው የሟሟበት ውሃ የሚፈላው ከንጹሕ ውሃ በላይ በሆነ ሙቀት ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 58 ግራም ያህል የገበታ ጨው ቢሟሟ የፍሌት ነጥቡ በ1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያሉት ጨውነት ያላቸው ነገሮች ቁጥሩን ሽቅብ እንጂ ቁልቁል ሊወስዱት አይችሉም። ይህ በወረቀት ላይ ያሳምናል፤ ኮምቦልቻ ያሉትን አክስቴን ግን አላሳመነም። አክስቴ ደሴ በመጡ ቁጥር ንፍሮው ሳይበስል ረፋዱ ያልቃል እያሉ ያማርራሉ፤ ምክንያቱንም «የናንተ ውሃ ሰነፍ ነው» ብለው ዘግተውታል። ይህም ራሱን የቻለ መላምት ነው፣ ሊፈተንም ይችላል።

አንድ ቅዳሜ አራት ተማሪዎች ይዤ የደሴን ውሃ በሁለት ሃይላንድ ሞልቼ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁለቱ ብዙ ነው፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። የያዝነው በደሴ 92 ያነበበውን ያንኑ ቴርሞሜትር ነበር። ጉድለት ቢኖርበት እንኳ ጉድለቱ አብሮን ስለሚጓዝ ልዩነቱን አያበላሽብንም። የቀሩት ተማሪዎች በሌላኛው ቴርሞሜትር በዚያው ሰዓት ደሴ ላይ እንዲያፈሉ አድርገናል፤ የአየር ጠባዩ በመካከል ቢለወጥ በነሱ በኩል ይታወቃል።

ይህን ዘዴ የፈለሰፍነው እኛ አይደለንም። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል አየር ክብደት እንዳለው ለማረጋገጥ እ.ኤ.አ. በ1648 የእኅቱን ባል ፍሎረን ፔሪዬን ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ አስይዞ ልኮታል። ሜርኩሪውን ቱቦው ውስጥ ደግፎ የሚይዘው የአየሩ ግፊት ነው፤ ተራራው ጫፍ ላይ የሜርኩሪው ቁመት ከታቹ በ8 ሴንቲ ሜትር ገደማ አንሶ ተገኘ። ተማሪዎቼ ቁጥሩን ቢወዱትም እኔን የሚማርከኝ ሌላው ነገር ነው፦ ፔሪዬ ሁለተኛ ቱቦ ከተራራው ግርጌ ትቶ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው አስቀምጦ ነበር፤ የታችኛው ሳይለወጥ መዋሉ ነው የላይኛውን ንባብ ያስከበረው።

አክስቴ ግቢ ውስጥ በመጀመሪያ የኮምቦልቻን ውሃ፣ ቀጥሎ በዚያው ድስትና በዚያው እሳት የደሴን ውሃ አፈላን። ሁለቱም 94 ላይ ቆሙ። ከደሴ የተደወለልን ደግሞ ያው የጠዋቱ ንባብ እንዳልተለወጠ ነበር። በየ300 ሜትሩ ሽቅብ የፍሌት ነጥብ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል የሚለው ግምት ለ650 ሜትር ልዩነት 2 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል፤ ያገኘነውም ይህንኑ ነው። አክስቴ ጉንጫቸውን ይዘው ድስቱን ካዩ በኋላ «እንግዲያው አየሩ ነዋ ሰነፉ» አሉ። ከብዙ ተማሪዎቼ የፈተና መልስ የተሻለ ነው።

አየሩ በእርግጥ ሳስቶ ነው። ውሃ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ እየፈጠኑ ወደ ተን ለመለወጥ ይገፋሉ፤ ከላይ ያለው አየር ደግሞ ይጫናቸዋል። የተኑ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል አረፋ በውሃው ሆድ ውስጥ ሳይጨፈለቅ ማደግ ይችላል፣ ፍሌት የምንለውም ይህን ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ትግሉ በ92 ያልቃል። ሙቀት ለመለኪያነት የሠራውን ስፍር በ1742 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስም የፍሌት ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር። (በነገራችን ላይ እሱ 0 ያለው ፍሌቱን፣ 100 ያለው በረዶውን ነበር፤ የተገለበጠው በኋላ ነው።)

እዚህ ላይ ሁልጊዜ «አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከክፍሉ ገሚሱ «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን» ይላል፤ ውሃ ከሁለቱ ንጥረ ነገሮች የተሠራ ውህድ መሆኑን ስለተማሩ ፍሌት የሚበታትነው ይመስላቸዋል። ቀዝቃዛ ክዳን እንፋሎቱ ላይ እይዛለሁ፤ ክዳኑ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። ሞለኪውሉ አልፈረሰም፣ ከጎረቤቱ ተለያየ እንጂ፤ ይህ አካላዊ ለውጥ ነው። ሞለኪውሉን ለመበተን ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፣ ያ ኬሚካላዊ ለውጥ ይሆናል። ገና ከመፍላቱ በፊት ከዕቃው ግድግዳ የሚነሱት ጥቃቅን አረፋዎች ደግሞ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው። ውህድንና (ውሃው ራሱ) ድብልቅን (ውሃውና የሟሟበት አየር) ለመለየት ከዚህች ድስት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዘንድሮ ጥያቄው ወደ ንፍሮ ዞሯል። አክስቴ ጨው ቀድሞ ከገባ ባቄላው አይበስልም ይላሉ፤ አንዱ ተማሪ ደግሞ ጨው የፍሌት ነጥቡን ስለሚጨምር ቶሎ መብሰል ነበረበት ብሎ ተከራከረ። አሰላነው፦ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 6 ግራም ያህል ጨው፣ የሚጨምረው የዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው፤ የኛ ቴርሞሜትር ከነጭራሹ አያየውም። ጨው የባቄላውን ቆዳ ምን እንደሚያደርገው ግን ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ሁለት እኩል ድስት፣ ከአንድ ከረጢት የተዘገነና አንድ ሌሊት የተነከረ ባቄላ አዘጋጀን። የተጣላነው «በሰለ» የሚለውን በምን እንለካው በሚለው ላይ ነው። በጥርስ ያሉ አሉ፣ በሁለት ጣት ጨፍልቀን ያሉ አሉ፤ የሁሉም ሰው ጣት እኩል አይጫንም። በመጨረሻ በየአሥር ደቂቃው ከየድስቱ አሥር አሥር ፍሬ አውጥተን ግማሽ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ እየጫንን ስንቱ እንደሚፈርስ ለመቁጠር ተስማማን። ድንጋዩን ከባለሱቁ ለቅዳሜ ተውሰነዋል።