መገመት ሌላ፣ መዘጋጀት ሌላ

«መቼ ያልቃል?» ሲባል ብዙ ሰው ሽቅብ አየት አድርጎ «ሁለት ሳምንት ይበቃኛል» ይላል። መልሱን ያገኘው ሥራውን በሐሳቡ ከዳር እስከ ዳር ሠርቶ ነው። በሐሳብ ሲሠራ ደግሞ ማንም አይታመምም፣ መብራት አይጠፋም፣ ፈራሚው ከቢሮው አይታጣም። «ሁለት ሳምንት» እንግዲህ ግምት አይደለም፤ «ሁሉ ነገር ከቀናኝ» የሚለው ክፍሉ የተዋጠበት ምኞት ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ለዚህ ነገር ስም አወጡለት፤ በአማርኛ «የዕቅድ ስሕተት» ብንለው ያስኬዳል። በቁጥር ቁልጭ አድርገው ያሳዩት ግን ቢዩለር፣ ግሪፊን እና ሮስ የተባሉ ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማገባደድ ላይ ያሉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። ግምታቸው በአማካይ 34 ቀን ገደማ ነበር። «ሊበላሽ የሚችለው ሁሉ ቢበላሽስ?» ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ መካከለኛው ቁጥር ነው፤ ክፉውን አስቡ ተብለው እንኳ ያሰቡት ክፉ ከእውነቱ አነሰ። «ትንሽ ጨመር አድርጌ ልናገር» የሚለው ዘዴ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ጭማሪውም የሚወጣው ሁሉ ነገር ከቀናበት ከዚያው ሐሳብ ውስጥ ነው።

የሚሻለው አሁን የያዙትን ሥራ ለጊዜው ትቶ ያለፉትን መቁጠር ነው። ከአሁኑ ጋር የሚመሳሰሉ አምስት ያለቁ ሥራዎች ውሰዱ። በአንድ ዓምድ ያኔ «ይፈጃል» ያላችሁትን ቀን፣ በሌላው በእርግጥ የፈጀውን ጻፉና ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ለምሳሌ 6 ቀን ተብሎ 7 የፈጀው 1.2 ገደማ ይሰጣል፤ 12 ተብሎ 15 የፈጀው 1.25፤ 10 ተብሎ 14 የፈጀው 1.4፤ 5 ተብሎ 8 የፈጀው 1.6፤ 20 ተብሎ 38 የፈጀው 1.9። መሐል ላይ የሚውለው 1.4 ነው። አሁን ልባችሁ «10 ቀን» ካለ ግምታችሁ 14 ቀን ነው። ዝግጅታችሁ ግን ከሁሉ በከፋው በ1.9 ተባዝቶ በ19 ቀን ይሰላል፤ ለሌላ ሰው የምትገቡት ቃል፣ የምትከራዩት ዕቃ፣ የምትይዙት ገንዘብ ሁሉ በ19። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለሁለቱም አንድ ቁጥር በመያዙ ነው።

የድሮ ግምቱን የማያስታውስ ሰው ኢሜይሉንና የስልክ መልእክቱን ይፈልግ፤ «እስከ ዓርብ አደርሳለሁ» የሚል አንድ መስመር አይጠፋም። የመጀመሪያው ፋይል የተፈጠረበትና የመጨረሻው የተላከበት ቀን ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። እዚህ ላይ ሁላችንም የምንሠራት አንዲት ማጭበርበር አለች፤ ባለ 1.9ኙን ሥራ «እሱማ ልዩ ነበር፣ ያኔ እኮ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው» ብሎ መሰረዝ። ልዩ ነገር መልኩን ይለዋውጣል እንጂ በየጊዜው ይመጣል። አትሰርዙት።

ሥራው ብዙ እርከን ካለው ሒሳቡ ይከፋል። እያንዳንዱ እርከን በሰዓቱ የማለቅ ዕድሉ 90 በመቶ ቢሆን ደስ ይላል። ግን አሥር እንዲህ ያሉ እርከኖች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ቢሰለፉ፣ አሥሩም በሰዓታቸው የማለቃቸው ዕድል 35 በመቶ ብቻ ነው። መጠባበቂያ ቀን ያስፈልጋል ማለት ነው። የት ይቀመጥ? በየእርከኑ አንድ አንድ ቀን መበተን አይረባም፤ የተሰጠው ቀን እስኪሞላ ሥራው ይለጠጣል፣ የተረፈውም ወደሚቀጥለው አይተላለፍም። ሰብስባችሁ መጨረሻ ላይ አኑሩት። ሁሉም እርከን በአንድ ላይ ስለማይዘገይ፣ አምስት ቦታ ከሚበተን አምስት ቀን መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ሦስት ቀን ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል።

የሚሠራበትንና የሚጠበቅበትን ጊዜም ለይታችሁ ጻፉ። አለቃ አንብቦ የሚፈርምበት ገጽ የሚወስደው ሥራ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሚያድረው ግን ስድስት ቀን ሊሆን ይችላል። በዕቅዱ ላይ «ፊርማ፦ ግማሽ ቀን» ብሎ የጻፈ ሰው የተሳሳተው ስድስቱን ቀን ከነጭራሹ ባለመቁጠሩ ነው። ስለዚህ ጥበቃ ያለባቸውን ነገሮች አስቀድማችሁ ልቀቋቸው፤ እናንተ ሌላውን ስትሠሩ እነሱ ይቆዩ።

ይኸው ነገር በትንሽ ዕቃ ላይ ይበልጥ ይታያል። በየቀኑ 2 ክኒን የሚወስድ ሰው አለ እንበል። መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ እጁ የሚገባው አንዳንዴ በ3 ቀን፣ አንዳንዴ በ9 ቀን ነው። ብዙ ሰው አማካዩን ይዞ «6 ቀን፣ ስለዚህ 12 ፍሬ ሲቀረኝ አዝዛለሁ» ይላል። ከአማካዩ በዘገየ ቁጥር ባዶ እጁን ይቀራል። ትክክለኛው ሒሳብ ከረጅሙ ይነሣል፤ 9 ቀን በ2 ሲባዛ 18፣ ላይ የሦስት ቀን መጠባበቂያ 6 ሲጨመር 24። 24 ፍሬ ሲቀር ይታዘዛል። ግን ማን በየቀኑ ክኒን ይቆጥራል? እነዚያን 24 ፍሬዎች ከነማሸጊያቸው በላስቲክ አስሮ «እዘዝ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነው። እጅ ላስቲኩን ሲነካ ቀኑ ደርሷል። አዲሱ ሲመጣ የታሰረው ፊት ይወሰድና ከአዲሱ 24 ይታሰር፤ አለዚያ መጠባበቂያው እዚያው ታስሮ ጊዜው ያልፍበታል።

የላስቲኳ ቁም ነገር ውሳኔውን አስቀድሞ መወሰኗ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው አስቀድመው የሚወስኑ ሰዎች፣ ግቡን ብቻ ከያዙት ይልቅ ያሰቡትን እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። «እከታተለዋለሁ» ዝግጅት አይደለም። «እስከ ረቡዕ 6 ሰዓት መልስ ካልመጣ እደውላለሁ፤ ስልክ ካልተነሣ ሐሙስ ጠዋት በአካል እሄዳለሁ» ዝግጅት ነው። ዓይን የሚያየው ምልክት፣ ሰዓት እና ድርጊት አለው። «ከዘገየ» የሚለው ቃል ምልክት አይሆንም፤ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው «ገና ነው፣ አልዘገየም» እያለ ራሱን ያባብላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ሥራ ከሆነ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የጋሪ ክላይንን ዘዴ ሞክሩት። ሥራው ሳይጀመር ሰው ይሰበሰብና «ስድስት ወር አልፏል፤ ሥራው ወድቋል። ምን ሆኖ ወደቀ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው በኃላፊ ጊዜ ይሁን። «ምን ሊያሰጋን ይችላል?» ስትሉ ሰው በጨዋነት ዝም ይላል፤ «ወድቋል» ስትሉ ግን ምክንያት መፈለግ ይጀምራል። ሁሉም ሦስት ደቂቃ ብቻውን ይጻፍ፣ ከዚያ በየተራ አንድ አንድ ምክንያት ያንብብ። አለቃው መጨረሻ ላይ ያንብብ፤ ቀድሞ ካነበበ ሌላው የሱኑን ይደግማል። ከሁሉ የከፋው አለቃው እያንዳንዱን ምክንያት ለማስተባበል ሲነሣ ነው፤ ያኔ ወረቀቱን ሰብስቦ ስብሰባውን መበተን ይሻላል። ከሚወጡት ምክንያቶች ሦስት መርጣችሁ ለእያንዳንዱ ከላይ ያለውን ዓይነት «ከሆነ» ጻፉለት። ስትመርጡ በትልልቁ አደጋ አትማረኩ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የዓመት ፈቃድ ላይ ነው የሚለው ተራ ነገር ከእሳት ቃጠሎ ይልቅ ብዙ ሥራ ያቆማል።

ለሁሉም ነገር መዘጋጀት ግን ጅልነት ነው። ቢበላሽ በግማሽ ቀን የሚስተካከለውን ነገር ተዉት፣ ሲበላሽ ይስተካከል። ዝግጅት የሚገባው ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም ጉዳቱ የማይመለስ ሲሆን ነው፤ ቅጂ የሌለው ፋይል፣ ቀኑ ያለፈ ማመልከቻ፣ ያለቀ መድኃኒት።

ግምታችሁ እየተሻለ መሄዱን ለማየት ደብተር ያዙ። በአንድ መስመር ትንበያውን፣ በመቶኛ ዕድሉን፣ የሚታይበትን ቀን ጻፉ፤ «ሪፖርቱ እስከ 15 ይፈረማል፣ 70 በመቶ»። 70 በመቶ ካላችኋቸው 20 ትንበያዎች የሆኑት 14 ገደማ ከሆኑ ደህና ናችሁ፤ የሆኑት 9 ከሆኑ የእናንተ «70» በእውነቱ 45 ነው፣ በዚያው ልክ አስተካክሉት። «ነገሩ ይሻሻላል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ምን ሲሆን እንደተሻሻለ ስለማይታወቅ ሁልጊዜ ልክ ትሆናላችሁ። የሚታይበትን ቀን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉለት፤ እንዲህ ያለ ደብተር በራሱ ጊዜ ሲከፈት ታይቶ አይታወቅም።