በመጋቢት ጋቢ

መጋቢት ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ቢሯችን ውስጥ ሁሉም "መስኮት ክፈቱ" ይላል፤ እኔ ጋቢ ደርቤ ሒሳብ እዘጋለሁ። መጀመሪያ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ለመዱት። የሚገርመው እኔም ለመድኩት።

ከለገሃር እስከ ፒያሳ የቸርችልን ዳገት በእግሬ የምወጣ ሰው ነበርኩ። አሁን ፖስታ ቤት ጋ ስደርስ መቀመጫ እፈልጋለሁ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ድምፄ ጎርነን አለ። ሆዴ ይደርቃል። ክብደትም ጨመርኩ፤ የሰፈር ሰው ግን "ተመቸሽ እኮ!" እያለ ይስመኛል። እኛ ጋ ውፍረት ሙገሳ ነው። አንድ ሰው እንኳ "ምን ሆነሽ ነው?" አላለኝም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ማነስ አለብሽ አለኝ። እውነትም ነበረብኝ። የአይረን ክኒን ተጻፈልኝ፣ "ጭንቀት ቀንሺ" ተባልኩ፣ ወጣሁ። ደሜ ለምን አነሰ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ግንቦት ላይ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ይቺኛዋ ወሬዬን ሳልጨርስ ቅንድቤን ታያለች። "ጫፉ ድሮም እንዲህ ስስ ነበር?" አለችኝ። ከዚያ ወንበር ላይ አንበረከከችኝና የተረከዜን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ አደረገችው። እግሬ ዘለል አለ፣ ሲመለስ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው። እኔም አየሁት። "የታይሮይድ ዕጢሽን እንመርምር" አለች።

ዕጢ! አማርኛችን አንገታችን ውስጥ በጤና ለተቀመጠውም፣ ተቆርጦ ለሚወጣውም ክፉ እብጠት ያው አንድ ቃል ነው የሰጠው። ቤት እስክገባ ድረስ ካንሰር ይዞኝ ነበር። ሐኪሞች እባካችሁ ይቺን ቃል ስትጠቀሙ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

ውጤቱ መጣ። ቲኤስኤች 46። ወረቀቱ ላይ ጤናማው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው ይላል። "በዝቶብኛል ማለት ነው?" አልኩ። የለም፣ አንሶሻል ተባልኩ። ይሄ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። የገባኝ ታክሲ ተራ ቆሜ ነው።

ወያላውን አስቡት። ታክሲው ባዶ ከሆነ "ፒያሳ! ፒያሳ!" እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። ሲሞላ ዝም ይላል። ቲኤስኤች የወያላው ጩኸት ነው። የሚጮኸው ጭንቅላታችን ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ናት። ታይሮይድ በቂ ሆርሞን ሲያመርት ድምጿን ትቀንሳለች፤ ሲያንሳት ትጮኻለች። የእኔዋ 46 ድረስ ጮኻለች፣ ታክሲው ግን አልሞላም። በሽታው ሆርሞን የሚበዛበት ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቲኤስኤች ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ሆርሞኖቹ ቲ4 እና ቲ3 ይባላሉ። ቁጥሩ በውስጣቸው ያለው የአዮዲን አቶም ብዛት ነው። ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ አንጀት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመነጭ የእነሱ እጅ አለበት። ጋቢው ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። "በደም ማነሱ ላይ ደግሞ ይሄ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!" አለች። ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰማችና ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። እንቅርት ያው ያበጠ ታይሮይድ ነው። አያቴ ጎጃም ሳለች አንገቷን ዙሪያውን የተነቀሰችው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርት ያጠፋል ተብሎም ነበር። የደጋው አፈር አዮዲኑን ዝናብ ስለሚያጥበው እንቅርት እዚያ የተለመደ ነበር። ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እማዬ ወዲያው አዮዲን ያለው ጨው ቤቱን ሞላችው። ጥሩ ነው፤ ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመርም ይመከራል። የእኔን ግን አያድነውም። የእኔ የራሴ ሰውነት ታይሮይዴን እንደ ጠላት እያጠቃው ነው። ሐሺሞቶ ይባላል፣ በ1912 እ.ኤ.አ. በሽታውን በገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም ስም።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው። ዕጢው ያላመረተውን ያንኑ ቲ4 በክኒን መዋጥ ማለት ነው። በ50 ማይክሮግራም ጀመርኩ። (በ1891 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ሴት የበግ ታይሮይድ ጭማቂ እየተወጋች ድናለች፤ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች። በየበዓሉ የምንጥለው የበግ አንገት ውስጥ ያለው ነገር ነው።)

እንግዲህ ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሐምሌ ላይ ስመረመር ቲኤስኤች 31። መጠኑ 100 ሆነ። መስከረም ላይ ደግሞ 22። በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ለአዋቂ ይበቃል፤ እኔ 66 ኪሎ ነኝ፣ 100 ሊበቃኝ ይገባ ነበር። "125 እናድርገው ይሆናል" ተባልኩ።

መድኃኒት ልገዛ ስሄድ ግን ፋርማሲስቱ ልጅ ሳጥኑን በእጁ ይዞ አልሰጥ አለኝ። "እህቴ፣ እንዴት ነው የምትወስጂው?"

"ጠዋት፣ በባዶ ሆድ።"

"በምን?"

"በ... ቡና።"

ሳቀ። እማዬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቡና ታፈላለች፤ ክኒኑን ከአቦሉ ጋር እውጠዋለሁ። አስከትዬ ደግሞ የአይረኑን ክኒን። ምግብ እስካልበላሁ ባዶ ሆድ መስሎኛል። ለካ ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። አይረን ደግሞ ይባስ፤ ይዞት ነው የሚወጣው። ካልሲየምም እንደዚያው። ስለዚህ አይረንና ካልሲየምን ከዚህ ክኒን ቢያንስ በ4 ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። መዋጥ ያለብኝ በውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ጠብቆ ቡና።

ወደ ሐኪሟ ተመልሼ እውነቱን ተናዘዝኩ። መጠኑ 100 ላይ ቀረ። ደግ አደረገች፤ ቡናውንም ትቼ መጠኑም ጨምሮ ቢሆን ልቤ ይደልቅ ነበር።

አሁን ስልኬ 11 ሰዓት ተኩል ሲል ይጮኻል። ክኒን፣ ውሃ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። አይረን ማታ ነው። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ግማሹ ብቻ ለመቀነስ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት አንድ ቀን ቢረሳ ሰማይ አይደፋም። ለውጡን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ በ10 ቀን የሮጥኩበት ምርመራ ገንዘብ ማቃጠል ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ጠፍቶ የሌላ ፋብሪካ ሲሰጠኝ ለሐኪሟ እነግራታለሁ።

አንድ ወዳጄ የእኔን ነገር ሲሰማ የውሻውን አወራኝ። ፀጉሩ በሁለቱም ጎን ረግፏል፣ ወፍሯል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ውሻ ላይ እንደ እኔው ማነሱ ይበዛል፤ ያረጀ ድመት ላይ ደግሞ መብዛቱ። ታዲያ ውሻ በኪሎው ከሰው አሥር እጥፍ የሚበልጥ ይወስዳል። "ካንቺ ልበደር" ብሎኝ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሂድ አልኩት።

የኅዳሩ ውጤቴ 3.1 ነው። ጋቢው ወደ ቤት ተመልሷል።

ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቴ ቡና ስትቀዳ ሳያት ነበር። ጠዋቱ ያንቀጠቅጣል፣ እሷ ግን በቲሸርት ነች። "ይሞቃል" ትላለች። ከስታለች፤ ሰፈሩ "ዳይት ጀመርሽ?" እያለ ያደንቃታል። ጀበናውን የያዘው እጇ በስሱ ይንቀጠቀጣል፣ ስኒው ጠርዝ ላይ ትንኳኳለች። የታይሮይድ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል፤ አንዷን ያቀዘቀዘው ሌላዋን ሊያቃጥል ይችላል። "ደህና ነኝ ባክሽ" አለችኝ። ሰኞ ጠዋት አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል፤ እሷ ለእኔ ሸኚ የምትሆን መስሏታል።