ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ውሃ ዳር

ጅማ የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነው። ጅሬን መውጣቱስ ደስ ይላል። አንድ ቀን ትርፍ ያለው እንግዳ ግን እኔ ውሃ ዳር ነው የምወስደው። መንገዱ ቀላል ነው፤ አዛውንትም ልጅም ይችለዋል። ከባዱ ዝም ብሎ መቀመጡ ነው። አውሬ የሚያየው ብዙ የሄደ ሳይሆን ብዙ የተቀመጠ ነው፤ ይህን ለሁሉም እናገራለሁ።

ቅርቡ ቦዬ የሚባለው ረግረግ ነው። በአዲስ አበባ መውጫ በኩል በባጃጅ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር ነው። ጉማሬ ለማየት ከፈለጋችሁ ሌሊት ተነሱ። ጉማሬ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድርና ሊነጋ ሲል ወደ ውሃው ይመለሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው የሚያየው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው፤ ለእኔ እሱም ይበቃኛል። ትንንሾቹ ጆሮዎች ውሃውን ለማራገፍ ይርገበገባሉ። ከዚያ ትንፋሹን እፍ አድርጎ ይለቅና ይሰምጣል። እናንተም የት ብቅ እንደሚል እየገመታችሁ ትጠብቃላችሁ።

ላም የሚጠብቁ አንድ አባት ሣሩ ተረጋግጦ የተኛበትን መስመር በዱላቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ የሱ መንገድ ነው። በሱና በውሃው መሐል እንዳትገቢ። ሌላው ግድ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጉማሬ በተለይ አደገኛ የሚሆነው መሸሻው ሲዘጋበት ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ፤ ጭቃው ዳር ድረስ አትውረዱ። በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ።

ወፉን ጨርሼ አላወራውም። ባለዘውዱን ሽመላ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ጥቁር ነው፤ ክንፉ ላይ ነጭ አለው፤ ጭንቅላቱ ላይ ወርቅማ ጉትዬ ቆሟል። ሲሄድ ሣሩን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። መጀመሪያ የሚጨፍር መስሎኝ ነበር። ለካ ፌንጣውን እያስነሳ ነው፤ ብድግ ሲል ለቀም! ከዓለም ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ወፍ ነው። እኛ ደጃፍ ላይ ቁርሱን ሲበላ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ፊላውና ደንገሉ ውስጥ ደግሞ ጣቶቹ የረዘሙ ቡናማ ወፍ ቅጠል ላይ ይራመዳል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም አባትየው ነው።

የሚያሳዝነኝን ልናገር። ከተማችንን የሚያቋርጠው አዌቱ የሁላችንንም ቆሻሻ ይዞ ወደዚህ ረግረግ ይወርዳል። ረግረጉ አጣርቶ ወደ ግልገል ጊቤ ይለቀዋል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብም የተሠራው በዚያው ወንዝ ላይ ነው። እንዲህ የሚያገለግለን ረግረግ ዳሩ ለሸክላ ጡብ እየተቆፈረ፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ነው። እዚያ ሄዶ ቁጭ ያለ ሰው ፌስታሉን እዚያ የሚጥል አይመስለኝም፤ ሰው ሁሉ እንዲሄድ የምወተውተውም ለዚህ ነው።

ጫካ ለሚወድ ደግሞ በለጠ የሚባለው ደን አለ። ከመነሐሪያ በቦንጋ መስመር በጠዋት ሚኒባስ ይዛችሁ ሸቤ ሳትደርሱ ትወርዳላችሁ። ብቻችሁን አትግቡ። በበለጠና በገራ ደን የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው ጫካውን ይጠብቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን ድጋፍ የተጀመረ ሥራ ነው። ፈቃድ ጠይቁ፣ መንገድ የሚያውቅ ልጅ ይዛችሁ ግቡ፣ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከጫካ ቡናው ሥር ዝቅ እያላችሁ ስትሄዱ ሸለቆው ውስጥ ውሃ ያቆረ ረግረግ ታገኛላችሁ። ጥላ ያለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ፔርሙዝ ውስጥ ቡና፣ ትንሽ ዳቦ ቆሎ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ከመቀመጣችሁ በፊት ግን መሬቱን እዩ፤ የጉንዳን መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ቀኑ ይበላሽበታል።

ጉሬዛው ቶሎ ይለምዳችኋል። ጥቁርና ነጭ ጸጉሩ ከሩቅ ያስታውቃል፤ አውራ ጣት ግን የለውም ማለት ይቻላል። በአራቱ ጣቶቹ ቅርንጫፉን ቆልመም አድርጎ ይይዛል። እናቲቱ ደረት ላይ አንዲት ነጭ ነገር ካያችሁ አዲስ የተወለደ ግልገል ነው፤ ሲወለዱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ናቸው። ምንቃሩ ላይ ቀንድ መሳይ ነገር የደረበው ትልቁ ወፍ ሲያልፍ ደግሞ ክንፉ ከላያችሁ ሰው በሰፌድ እብቅ የሚያራግብ ይመስላል። ሴቷ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍንና ትታቀፋለች። ወንዱ በቀረችው ቀዳዳ ፍሬ እያመላለሰ ያበላታል። ድንገት ከቁጥቋጦው ውሻ የጮኸ መስሎ ከተሰማችሁ አትደንግጡ፤ አይቷችሁ የደነገጠ ድኩላ ሊሆን ይችላል።

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ይደርቃል፤ ከአውሮፓ ብርዱን ሽሽት የሚመጡ ወፎችም ያኔ እዚሁ ናቸው። በክረምት ከሆነ ቦት ጫማ ግድ ነው፤ ከውሃው ስትወጡም እግራችሁን ለአልቅት ፈትሹ። ከበለጠ ስትመለሱ ከ9 ሰዓት በፊት አስፋልት ላይ ውጡ። ከዚያ በኋላ ከሸቤ የሚመጣው ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚያልፈው።