ወፍጮ ያንቀሳቀሰው ስፓይደር

አንድ የድሮ ፊያት መኪና ለማየት ወደ ደሴ ስጓዝ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ጣርማ በር ላይ ጉም፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት እያሳየኝ አለፈ። ኮምቦልቻ ያደርኩበት አልጋ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የክፍሉ መስኮት የሚከፈተው በጭነት መኪኖች ማደሪያ በኩል ስለነበር፣ ሾፌሮቹ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምረው ሞተር ሲያሞቁ የናፍጣው ጭስ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ አነጋ። ለዚህም 900 ብር ከፍዬ ደረሰኝ ብጠይቅ፣ እንግዳ ተቀባዩ ነውር የተናገርኩ ይመስል አየኝ።

ደሴ ስደርስ ደግሞ የባጃጅ ሾፌሩ 250 ብር ተቀበለኝ። የሄድኩባቸው አዛውንት መካኒክ ይህን ሲሰሙ መፍቻቸውን እንደያዙ ወጥተው፣ «እንግዳ ነው ብለህ ነው?» ሲሉ ተቆጥተው 150 ብሩን አስመለሱልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለማያውቀው ሰው ሂሳብ የሚከራከር መካኒክ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የመጣሁት እሳቸው የሚጠብቁትን ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ለማየት ነው። ይህ ሞዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ የቀረበ፣ ቅርጹን ፒኒንፋሪና ያወጣለት፣ ጣሪያው የሚታጠፍ ባለ ሁለት በር መኪና ሲሆን፣ በ1972 የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና አሸንፏል። የደሴው ግን ስሙ የሚነሣው ከእህል ጋር ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ባለቤቱ ቤቱን አጥቶ፣ መኪናውን በሐይቅ በኩል ካለ የዘመድ ግቢ አስገብቶ ጭድ ከመረበት። ቆይቶ የሰፈሩ ወፍጮ የናፍጣ ሞተር ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ስፓይደሩ ከጭዱ ወጥቶ ኋላው በድንጋይ ተነሣና ከወፍጮው ጋር በቺንጋ ተያያዘ።

«አንዱን የኋላ ጎማ ጠፍረን አሰርን፤ ያኔ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ለሌላው ስለሚሰጥ በእጥፍ ይሽከረከራል» አሉኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደፈጨ ብጠይቃቸው፣ «ቤንዚን እስኪያልቅ ነዋ ልጄ!» ብለው ሳቁ። የቀኝ የኋላ ቸርኬው ቺንጋው በፈተገው በኩል ቦይ አውጥቷል፤ በበሩ መጋጠሚያ ውስጥ የደረቀውን ዱቄትም በጥፍሬ ፍቄ አይቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያውን አጥፈን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ቁልቁለቱ ደስ ይል ነበር፤ ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት አጣ። «አብሽር» አሉኝና መንገድ ዳር አቁመው ኮፈኑን ከፈቱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑን ያበዛል። የካርቡራቶሩን ብሎን በካቻቪቴ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት የሞተሩ ድምፅ ጠራ፤ ከኋላችን የቆመው አይሱዙም ጡሩምባውን ተወ።

እሳቸውን የሚያሳስባቸው ካርቡራቶሩ ሳይሆን ሁለቱን ካምሻፍት፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍቱትን ዘንጎች፣ የሚያዞረው ባለጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው፤ አሁን የታሰረው ተሰነጣጥቋል። ከቤንዚኑ ሌላ ሳንቲም አልቀበልም ብለው፣ ከዚያ በፊት የነበረውን አሮጌ ቺንጋ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና ሶማሌ ተራ ወስጄ፣ ሻጩን ሳላምን ጥርሱን ራሴ ቆጥሬ፣ አቻውን እንድልክላቸው አዘዙኝ።