ከላይኛው ረድፍ

ዛሬ ከኤርፖርት የጫንኩት ተሳፋሪ የአሜሪካዋ ከተማ የሚልዋኪ ሰው ነው። ሬዲዮው ላይ ቤዝቦል ነበር። ልዘጋው ስል "ተወው" አለኝ። ከዚያ እስኪወርድ ድረስ ስለ ቦብ ዩከር አወራኝ።

ዩከር የሚልዋኪ ልጅ ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልብ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ለከተማው ቡድን ለብሬቭስ መጫወት ጀመረ። በ1964 ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር ዋንጫ በላ። ስድስት የውድድር ዘመን ተጫውቶ ግን የመታው ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ ያሻገረበት ምት፣ 14 ብቻ ነው። ከነዚያ አንዱ በሳንዲ ኮፋክስ ላይ! በዚያ ዘመን ከኮፋክስ የሚበልጥ ኳስ ወርዋሪ ነበር ብዬ አላምንም።

ከ1971 እስከ 2024 ደግሞ የሌላውን የሚልዋኪ ቡድን፣ የብሪወርስን ጨዋታ በሬዲዮ አስተላለፈ። 54 የውድድር ዘመን፣ አንድ ቡድን፣ አንድ ድምፅ። በራሱ ደካማ ምት እየቀለደ ሰውን ያስቅ ነበር። ይሄን ትህትናውን በጣም ወደድኩለት። የብሪወርስ ስታዲየም ውስጥ፣ ከላይ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሐውልቱ ቁጭ ብሏል። ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል።

ዩከር ያረፈው በ2025 መጀመሪያ ነው፣ በ90 ዓመቱ። "ማታ ማታ በረንዳ ላይ ከአባቴ ጋር የምንሰማው እሱን ነበር" አለኝ ሰውየው። የኔም አባት ትዝ አለኝ፤ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ኳስ ሲከታተል።

ደረስን። ሰውየው ወዲያው አልወረደም። እኔም አልቸኮልኩም።