ለማላውቃት ፈታይ፣ እንኳን አደረሰሽ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ከሌሊት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም፣ የአደይ ፎቶ የላካችሁልኝን በሙሉ አይቻለሁ፣ አንድ በአንድ ባልመልስ እንዳትቀየሙኝ። እኛ ቤት ዶሮው ተሠርቷል፣ የሰፈር ሴት ልጆችም አበባየሆሽ ብለው ቤቱን አሙቀውት ሄደዋል፣ እማዬም ከስንት ወር በኋላ ዛሬ ስትስቅ ሰማኋት። የአባዬ ወንበር ላይ ግን ጋቢው ብቻ ነው ታጥፎ የተቀመጠው። ጠዋት እሱን ሳየው ነው ዘንድሮ ከሁሉ በፊት እንኳን አደረሰሽ ልላት የሚገባኝን ሰው ስሟን እንኳ እንደማላውቀው ትዝ ያለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2016፣ ሩፋኤልና እሑድ ተገጣጥመው፣ እኔና እማዬ በጠዋት ተነስተን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሄድን። እማዬ ሁለት ክረምት ሙሉ ስትፈትል ከርማ ለአባዬ ጋቢ የሚበቃ ማግ ደርሶላት ነበር፣ የቀረን ድሩን መግዛት፣ ለዳሩ የሚሆን ጥለት መምረጥና ለሸማኔው መስጠት ብቻ ነው። አባዬ ከታመመ ወዲህ ብርዱን አልቻለውም፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ብርድ ልብስ ስንደርብለት ደግሞ ከበደኝ ይላል፣ እና እማዬ በእጄ ፈትዬ ካላለበስኩት ብላ ነው። እዚህ ሸማኔ ጠፍቶ አይደለም፣ ሽሮ ሜዳ ያሉት ጋሼ የእህቴን የሰርግ ልብስ ስለሠሩ ከሳቸው እጅ ውጭ አላምንም አለች። ሐምሌ ላይ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የማይጨምር ነገር ስላልነበር ክሩም ሳይወደድ እንድረስ ብለን ተጣደፍን፣ መንገዱም ክፍት ነው በተባለ ቀን ነው የሚኬደው።

ስንሄድ ደስ ይል ነበር። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን እስክናልፍ እማዬ ከረጢቱን ከጭኗ አላወረደችም። ላምበረት ወርደን መገናኛ፣ ከመገናኛ የ4 ኪሎ ታክሲ ያዝን። ታክሲው ሲጣበብ "እማዬ አምጪው ከኋላ ላስቀምጥልሽ" ብዬ ከእጇ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። 4 ኪሎ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ፣ በረዶም ነበረው፣ ረዳቱ ቶሎ ቶሎ ሲል እኔ እማዬን ደግፌ ጃንጥላ ልዘረጋ ስል ወረድን፣ በሩ ተዘጋ፣ ታክሲው ሄደ። እማዬ እጇን አየች። ከዛ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም።

አስራ ስድስት ልቃቂት። ቆጥሬ በአሮጌ ነጠላዋ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።

ታክሲውን እየጮህኩ ተከተልኩት፣ አልደረስኩበትም፣ ታርጋውንም አላየሁም። ያኔ ነው አንድ ተራ አስከባሪ ልጅ መጥቶ "ምን ጠፋሽ እህቴ" ያለኝ። ይሄ ልጅ ስንነግረው ፈትል ነው ወይ ብሎ አልናቀብንም፣ የለበሰውን ላስቲክ አውልቆ እማዬ ላይ አደረገላትና ከመገናኛ የሚመጣውን ታክሲ ሁሉ እያስቆመ ሲጠይቅልን ሁለት ሰዓት ሙሉ በዝናብ በሰበሰ። አጠገባችን ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያሉ ይዘላሉ፣ እማዬ እነሱን እያየች "የሩፋኤል ዝናብ ነው ልጄ፣ አይቆጣም" ትለኛለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ታጽናናኛለች። ታክሲው አልተመለሰም። ለልጁ የሻይ ብለን ብር ስንሰጠው አልቀበልም አለ። ያለህበት ሁሉ እንኳን አደረሰህ ወንድሜ፣ እማዬ እስከዛሬ ስታነሳህ "ያ ላስቲኩን ያለበሰኝ" ነው የምትለው።

ሽሮ ሜዳ የደረስነው ሰው መስለን አይደለም። እሑድ ስለሆነ ጋሼ ሥራ አልያዙም፣ ባለቤታቸው እሳት አጠገብ አስቀምጠውን ቡና አቀረቡልን፣ እኔ እያቆራረጥኩ ነገርኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው ሰምተው ተነሱና ከአልጋው ስር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ፣ ከላይ ከእንጦጦ በኩል ፈትላ የምታመጣላቸው እናት አለች፣ የሷ ማግ ነው። "በዚህ እሠራለታለሁ፣ ሂሳቡን ጋቢው ሲያልቅ" አሉ።

እማዬ መጀመሪያ እምቢ አለች። "የማላውቃት ሴት የፈተለችውን እንዴት ብዬ የኔ ነው ብዬ አለብሰዋለሁ" አለች፣ ጋሼ አልተከራከሯትም፣ አንዱን ልቃቂት ብቻ እጇ ላይ አኖሩላት። እማዬ የክሩን ጫፍ ፈልጋ ክንድ የሚያህል ሳበች፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አድርጋ ቀስ ብላ እስከ ጫፉ ሄደችበት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፣ እንደገና ሳበች። ቋጠሮ ፈልጋ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አገኘች፣ እሱም በጥርስ ተስተካክሎ የታሰረ። "ይቺ ሴት አትቸኩልም" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ከኔ ትሻላለች፣ እጇን ይባርከው" አለችና ያኔ ገና አለቀሰች፣ ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችውን።

ድሩን ገዛን፣ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት መረጠች፣ በመሸ ጊዜ እርጥብ ልብሳችንን እንደለበስን ተመለስን።

ጋቢው ኅዳር ላይ ደረሰልን። አባዬ ለብሶት "ያንቺ ፈትል ነው?" ሲላት ዋሽታ ታስደስተዋለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን "የኔስ ጠፋ፣ ይሄ የአንዲት ደግ ሴት ነው" አለችው። እሱም "እንግዲያ ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ገናን በሱ ዋለ፣ ጥምቀትን በሱ ዋለ፣ ሌሊትም ከላዩ አላወረደውም፣ ሞቆኛል ይል ነበር። መጋቢት ላይ አረፈ። ልብሱን ስናድል እማዬ ሁሉንም ሰጠች፣ ጋቢውን ግን ከእጃችን ተቀብላ ወንበሩ ላይ አጠፈችው።

እና አንቺ እናት፣ ፈትልሽ አባቴን የመጨረሻ ወራቱን ሳይበርደው አሳልፎታል፣ ይሄን ሳታውቂ ዛሬም እንዝርትሽን ይዘሽ ይሆናል። እንኳን አደረሰሽ። ጋሼም እንኳን አደረሰዎ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ለቅሶ ልትደርሱን መንገድ ተዘግቶባችሁ ሸኖ አድራችሁ በማግስቱ የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ ያንን መቼም አልረሳውም፣ አዲሱ ዓመት "መንገዱ ክፍት ነው ወይ" ሳንባባል የምንጠያየቅበት ያድርግልን፣ ይሄን የምለው ለወግ አይደለም።

አንድ የቀረኝ ሰው አለ። ያን ቀን ከመገናኛ 4 ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ማግ ያገኛችሁ፣ ልትመልሱት ብትፈልጉም አታገኙንም ነበር፣ ስለዚህ አልቀየምኩም፣ እማዬም አልተቀየመችም። ግን እባካችሁ የሆነ ጥግ ላይ ወርውራችሁት ከሆነ አንሱት። ድር ግዙለትና ለሸማኔ ስጡት፣ የሚበርደው ሰው እናንተም ቤት አይጠፋም። እማዬ ዓይኗ ስለደከመ ከዚያ ወዲህ አትፈትልም፣ የመጨረሻ ፈትሏ እሱ ነው። ያለቀ ቀን ፎቶውን ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሳያታለሁ።